ከበቆጂ የመጣው አፈር

እናቴ በ2004 ዓ.ም. ከበቆጂ 14 ጆንያ አፈር በአይሱዙ አስጭና አዳማ አስመጣች። አዎ፣ አፈር። መኪናው ድንች ጭኖ ነው የሚወርደው፣ ሹፌሩ የአጎቴ ወዳጅ ስለሆነ ከድንቹ ጋር ደርቦ ጫነላት፣ እና ማታ በራችን ላይ ሲራገፍ ጎረቤቶቻችን ድንች መስሏቸው ዋጋ ሊጠይቁ መጡ። እናቴ አንዱን ጆንያ ፈታች፣ እጇን እስከ ክርኗ ከታ አንድ እፍኝ አወጣችና "እዩት እስቲ፣ አፈር ማለት ይሄ ነው" አለቻቸው። ጥቁር ነበር፣ እርጥብ፣ የተወቀጠ ቡና የሚመስል፣ ሽታው የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲነካ የሚሸተው ዓይነት።

እሷ ተወልዳ ያደገችው በቆጂ አካባቢ ነው። አዳማ ከገባች ያኔ 20 ምናምን ዓመት ሆኗታል፣ ግን ከግቢያችን አፈር ጋር አንድም ቀን ተስማምታ አታውቅም። የኛ ግቢ አፈር አመድማ ነው፣ ቀላል ነው፣ በጋ ላይ ስትረግጡት ይቦናል፣ ጠዋት ውሃ ስታጠጡት ጭልጥ አርጎ ይጠጣና ከሰዓት ስትመጡ ምንም እንዳልቀመሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ጥጉ ላይ መደብ አሠራች፣ ዙሪያውን በብሎኬት አስከበበች፣ የበቆጂውን አፈር እስከ ብሎኬቱ አፍ ድረስ ሞላችና ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ናና እና ኮሰረት ተከለችበት። የመጀመሪያው ክረምት የጎመኑ ቅጠል ትሪ አከለ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ተረፈ። ሁለተኛው ዓመትም ደህና ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን አፈሩ ከብሎኬቱ አፍ አራት ጣት ወርዶ ነበር። ማንም አልወሰደው፣ ጎርፍም አላገኘው፣ ብሎኬቱ እንደተከበበ ነው። ጥቁረቱም እየለቀቀ፣ እየለቀቀ ሄዶ አምስተኛው ዓመት ላይ የመጣውን አፈር ከነበረው መለየት አቃተን። እናቴ ቆማ አየችውና "የአዳማ ፀሐይ በላው" አለች።

ያኔ እንደ ማንኛውም አባባል ነው የሰማሁት። የተናገረችው ነገር ቃል በቃል እውነት መሆኑን ለመረዳት ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፣ አፈር ደግሞ የዕለት እንጀራዬ ነው።

የምሠራው የመንገድ ማቴሪያል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ናሙና በጆንያ ይመጣል፣ እናደርቀዋለን፣ በወንፊት እንነፋዋለን፣ ፕላስቲሲቲውን (ውሃ ሲያገኝ እንደ ሊጥ መላወሱን) እንለካለን፣ ፕሮክተር (ሲጠቀጠቅ ምን ያህል እንደሚጠብቅ) እና ሲቢአር (ጭነት የመሸከም አቅሙን) እንሠራለን፣ መንገድ ይሸከማል ወይም አይሸከምም ብለን እንፈርማለን። ከላይ ያለው ጥቁሩ 20 እና 30 ሳንቲ "ቶፕ ሶይል" ይባላል፣ ሪፖርታችን ላይ አንድ መስመር ነው ያለው፣ ተገፎ ይወገድ የሚል። ትክክልም ነው፣ ምክንያቱም ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ይሰምጣል፣ የሰመጠ ነገር ላይ አስፋልት አይነጠፍም። እናቴ በአይሱዙ ያስጫነችው ነገርና እኛ በግሬደር ገፍተን የምንጥለው ነገር አንድ መሆኑ ለረጅም ጊዜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ቅር ይለኛል።

ነገሩ የተገናኘልኝ ከአዳማ ወደ አርሲ በሚወጣው መስመር ግራና ቀኝ ለገጠር መንገዶች ቴስት ፒት ስናስቆፍር ነው። ቴስት ፒት ሰው የሚያስገባ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ነው። ሌላ ጊዜ ናሙናው በአካፋ ይወጣልናል፣ ያን ወር ግን ሰው አንሶን ስለነበር እኔም እገባ ነበር፣ እና ከላይ ሆኖ ማየትና ከውስጥ ሆኖ ማየት ጭራሽ አይገናኝም። ሥር የት ድረስ እንደወረደ፣ ምስጥ የት እንደቦረቦረ፣ ቀለሙ ስንት ሳንቲ ላይ እንደሚለወጥ ግድግዳውን በጥፍራችሁ እየጫራችሁ ታዩታላችሁ። በአንድ ወር ውስጥ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ተነስተን 2,800 ገደማ ደረስን። አዳማ፣ ዴራ፣ ኢተያ፣ ቁሉምሳ፣ አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ፣ ቁርስ በልታችሁ ብትነሱ ምሳ የምትደርሱበት መንገድ ነው። በዛች መንገድ ውስጥ ግን ስንት ዓይነት መሬት ነው ያለው።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ከአዳማ ብዙም ሳንርቅ ነበር። ከላይ ስስ ግራጫ አፈር፣ ከሥሩ አመድ፣ ከአመዱ ሥር ፑሚስ፣ ያው የሰፈራችን ብሎኬት የሚሠራበት ነጭ ድንጋይ፣ ውሃ ላይ ስትጥሉት የሚንሳፈፈው፣ ከዛ ደግሞ ሌላ አመድ። ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ እኮ ነን፣ የቦሰት እሳተ ገሞራ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፣ የተፋው ነገር በጂኦሎጂ ዓይን ትላንት የወደቀ ነው። ገና አፈር ለመሆን አልደረሰም፣ ለመድረስ የሚረዳው ውሃም ብዙ የለም። መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል 1,550 ሜትር ላይ ነው ያለው፣ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 760 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በዓመት ውስጥ ፀሐዩና ነፋሱ ሊያተኑት የሚችሉት ውሃ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ዴራ አካባቢ አንድ ሜትር ከወረድን በኋላ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ አየን፣ የተሰባበረ ኖራ የሚመስል። አሲድ ጠብ ሳደርግበት ቺስ ብሎ አረፋ ደፈቀ (ቤት ውስጥ በአቼቶ መሞከር ይቻላል፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም ይሠራል)። ዝናቡ ካልሲየሙን አሟሙቶ ይዞት ሲወርድ መንገድ ላይ ውሃው ያልቅበታል፣ ይደርቃል፣ ኖራው እዛው ይቀራል። እንግዲህ ያ ነጭ ፍርፋሪ ዝናቡ እስከየት ደርሶ እንደደከመ የሚያሳይ ምልክት ነው ማለት ነው። ከዛ በላይ እየወጣን ስንሄድ አሲድ ጠብ ባደረግኩ ቁጥር አረፋው እየጠፋ ሄደ፣ በቆጂ ላይ ጭራሽ ዝም።

መሃል ላይ ያለው ሜዳ ሌላ ዓለም ነው። ከኢተያ ወደ ቁሉምሳ ስትሄዱ ያ ስንዴ የሚታወቅበት አገር፣ ጠፍጣፋ በሆነው ቦታ ላይ ገበሬው ኮቲቻ የሚለው፣ በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው፣ እኛ ሥራ ላይ "ብላክ ኮተን" የምንለው አፈር አለ። መንገድ ሠሪ እንደሱ የሚፈራው ነገር የለም። ጥር ላይ ስለነበርን ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ሜትሬን ስከት 60 ሳንቲ ገባልኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ላይ እዚህም እዚያም በሰያፍ የተንሸራተተ፣ በእጅ የተወለወለ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ገጽ አለው፣ ክረምት ላይ አፈሩ ሲያብጥ አንዱ ጉማጅ በሌላው ላይ እየተፋተገ የሚያወጣው ነው። እንዲህ የሚያደርገው የሸክላው ዓይነት ነው፣ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ሆኖ በቅጠሎቹ መሃል ውሃ ያስገባል። ይሄ ሸክላ የሚፈጠረው ደግሞ የትም አይደለም፣ ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ እና ሲሊካው ታጥቦ የማይሄድበት ቦታ ይፈልጋል፣ ማለትም ከላይ ከተዳፋቱ የታጠበው ሁሉ ወርዶ የሚያርፍበት ሜዳ።

እዚህ ጋ ከፍታ ብቻውን ነገሩን እንደማይወስን ነው የገባኝ። ከሜዳው ትንሽ ወጣ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር አለ፣ ዝናቡ ያው፣ ሙቀቱ ያው፣ ከፍታው ከ50 ሜትር በላይ አይለያይም። ግን ውሃው ቁልቁል ይወርዳል እንጂ አይተኛም። ጄፍሪ ሚልን የሚባል እንግሊዛዊ የአፈር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ያኔ ታንጋኒካ በሚባለው አገር፣ በአሁኗ ታንዛኒያ፣ ሲዞር ይሄንን ነገር አየና ከኮረብታ ጫፍ እስከ ረግረጉ ያሉትን አፈሮች እንደ ሰንሰለት ቀለበት አንድ ላይ ማየት አለብን አለ፣ ላይኛው የሚያጣውን ታችኛው ይቀበላልና። ዓለም አሁን ድረስ በሰጠው ስም ነው የሚጠራው፣ ካቴና፣ ሰንሰለት ማለት ነው። ትልቅ ሐሳብ ከኛው ጎረቤት ነው የወጣው።

ወደ ቀዩ ልመለስ፣ ቀለም ያታልላልና። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ተዳፋቷ ላይ ስትቆፍሩ ጥልቅ ቀይና ቀይ ቡናማ አፈር ታገኛላችሁ፣ ሁለት ሜትር ወርዳችሁም አለቱን አታገኙትም። ቀለሙን የሰጠው ብረት ነው፣ ዝገት በሉት። አለቱ ሲበሰብስ ብዙው ነገር ታጥቦ ይሄዳል፣ ብረት ግን በቀላሉ ስለማይሟሟ ይቀራል። ይሄ ብረት ሙቀት ባለበትና ውሃ ቶሎ በሚንጠፈጠፍበት ቦታ ሄማታይት የሚባለውን ቀይ ማዕድን ይሆናል፣ ቀዝቀዝና እርጥብ ሲል ደግሞ ጎታይት የሚባለውን ቢጫ ቡናማ። ስለዚህ ወደ ላይ ስትወጡ ቀዩ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ስንማር ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ "ሰብ ትሮፒካል" ተብሎ በቅንፍ ይጻፍ ነበር፣ ሸምድደን አለፍነው። እውነተኛው ሰብ ትሮፒካል የሚባለው አገር፣ ከኛ ራቅ ብሎ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለው፣ ተራራው ላይ ያው ነገር ነው የሚታየው። ደቡብ ምሥራቅ ቻይና ውስጥ ዉዪ የሚባል ተራራ አለ፣ የሻዩ አገር፣ ጫፉ ከ2,150 ሜትር በላይ ነው። ከሥሩ ቀይ አፈር፣ ከፍ ሲል ቢጫማ ቀይ፣ ከዛ ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር የተራራ ሣር አፈር። እዛ ቢጫው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጉሙና ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ስለማይለቀው ነው፣ እኛ ጋ ረጅም በጋ ስላለ ቀዩ ብዙ ከፍታ ድረስ ይዞ ይወጣል፣ ከዛ ወደ ቡናማ ያልፋል። የአፈር ሳይንስ አባት የሚባለው ሩሲያዊው ዶኩቻየቭ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካውካሰስ ተራሮችን ሲወጣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ያያቸውን አፈሮች በአንድ ተራራ ላይ ከታች ወደ ላይ ተደራርበው አገኛቸው። ከሱ በኋላ አሜሪካ ይሠራ የነበረው የአፈር ሳይንቲስት ሃንስ ጄኒ እ.ኤ.አ. በ1941 አፈርን የሚወስኑት አምስት ነገሮች ናቸው ብሎ አስቀመጠ፣ የአየር ንብረት፣ በውስጡና በላዩ የሚኖረው ፍጥረት፣ የመሬቱ አቀማመጥ፣ እናት አለት እና ጊዜ። ተራራ ይሄን ሁሉ አቅርቦ ያሳያችኋል፣ አሜሪካ ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ በሚኒባስ።

በቆጂ ስንደርስ አጎቴ ማሳ አጠገብ ነበር የቆፈርነው። ጋሼ ከላይ ቆመው "እስከ ስንት ትወርጃለሽ፣ ውሃ ልታወጪ ነው እንዴ" ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ውስጥ ሆኜ ግድግዳውን እነካለሁ። ከላይ ወደ 50 ሳንቲ ድረስ ጥቁር፣ ልክ እናቴ በጆንያ ያመጣችው። እጄ ላይ ሳደርገው አይከብድም፣ ስጨምቀው ውሃ ይወጣዋል፣ ስለቀው መልሶ ይነፋል። የሣር ሥር በፀጉር መጠን ሁሉ ቦታ ገብቷል፣ ግማሹ የሞተ፣ ገና ያልበሰበሰ፣ የዓመትና የሁለት ዓመት ሥር እንዳለ ቅርጹን ይዞ። ያ ነገር ነው ቀልቤን የሳበው። አዳማ ግቢያችን ውስጥ የጎመን ሥር ነቅዬ የተውኩበትን ቦታ በወሩ ብቆፍር ሥሩን አላገኘውም፣ እዚህ ግን የሞተው አይጠፋም።

ላብራቶሪ ስንመለስ የቁሉምሳውን ጥቁርና የበቆጂውን ጥቁር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ደርቀዋል፣ በዓይን ብታዩ አንድ ናቸው። በአንድ ዓይነት ጣሳ ሞልቼ ስመዝን የበቆጂው ክብደት ከቁሉምሳው ግማሽ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከዛ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ከ400 ዲግሪ በላይ አቃጠልኳቸው፣ ይሄ ኦርጋኒክ ነገሩን ለማወቅ የምንሠራው የተለመደ ምርመራ ነው። ጠዋት ሳወጣቸው የቁሉምሳው ትንሽ ነው የቀነሰው፣ ጥቁረቱ ያን ያህል ከበሰበሰ ነገር የመጣ አልነበረም፣ ትንሿ ኦርጋኒክ ነገር ከሸክላው ጋር ተጣብቃ ሁሉን አጥቁራው ነው እንጂ። የበቆጂው ግን ሳህኑ ውስጥ ጎድሎ፣ ጥቁረቱ ጠፍቶ፣ ቀላ ያለ ዱቄት ሆኖ ጠበቀኝ። ሳህኑን ይዤ ቆሜ የእናቴ መደብ ነው ድቅን ያለብኝ። አራት ጣት የወረደው መደብ። ምድጃው በአንድ ሌሊት ያደረገውን የአዳማ ሙቀት በአምስት ዓመት አደረገው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። 1,000 ሜትር ስትወጡ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከአዳማ በቆጂ ስትደርሱ 7 ዲግሪ ያህል አጣችሁ ማለት ነው። ሣሩ፣ ገብሱ፣ ዛፉ ዝናብ እስካገኘ ድረስ በዚህ ብርድ ደህና ያድጋል፣ ቅጠልና ሥር ለአፈሩ መስጠቱን አይተውም። የሞተውን የሚበሉት ባክቴሪያና ፈንገሶች ግን ብርዱ ያዘገያቸዋል፣ በዛ ላይ አፈሩ ውሃ ጠግቦ አየር ሲያንሰው፣ በዛ ላይ አሲዳማ ሲሆን፣ በዛ ላይ ከእሳተ ገሞራው አለት የወጣው አሉሚኒየምና ብረት የበሰበሰውን ነገር ጨብጦ ይዞ አላስበላ ሲል፣ ገቢው ከወጪው ይበልጥና በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል። ያ ጥቁረት ተቀማጭ ንብረት ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ እንደ ጎተራ። አይደለም። ሁሌ እየገባ ሁሌ እየወጣ ያለ ነገር ነው፣ ብርዱ መውጫውን ስላጠበበው ብቻ ሞልቶ የሚታይ። እናቴ ያመጣችው አፈሩን ነው፣ ብርዱን በጆንያ ልታመጣው አትችልም ነበር። አዳማ ሲደርስ እነዛው ፍጥረታት ሙቀት አገኙ፣ በመኮትኮቻ ስትገለባብጠው አየር አገኙ፣ በየቀኑ ውሃ ስታጠጣቸው ደግሞ በጋው እንኳን አላስቆማቸውም፣ በሉት፣ ወደ አየር ተነፈሱት። ፀሐይ በላው።

ይሄንን ሆን ብለው የሞከሩ ሰዎች እንዳሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ፔሩ ውስጥ አንዲስ ተራራ ላይ ተመራማሪዎች ከከፍታው አፈር እንዳለ ቆርጠው አውጥተው ዝቅ ያለ ቦታ ቀበሩት፣ ከታች ያለውንም ወደ ላይ አወጡት፣ እና ለዓመታት ተከታተሉት። የወረደው አፈር ካርቦኑን ለቀቀ። ሳነብ እናቴን ነው ያሰብኩት፣ በ14 ጆንያ ያንን ሠርታለች፣ ማስታወሻ አልያዘችም እንጂ።

የበቆጂው ጥቁር አፈር እንከን የለውም ለማለት አይደለም፣ ሰው ደጋውን ሲያሞግስ ይሄን ይረሳል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ፖታሲየሙን እያጠበ ሲወስደው ቦታቸውን አሲድ ይይዘዋል፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ አሉሚኒየሙ መሟሟት ይጀምርና የሰብሉን ሥር ይመርዛል፣ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። አገራችን ውስጥ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው የሚባለው በብዛት እንዲህ ያለው ደጋና ዝናባማው አገር ነው። ጋሼ "ኖራ ጨምሩ ተባልን፣ የጨመረ ሰው ባቄላው ተነሳለት" አሉኝ። ያ ዴራ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ያየሁት ነጭ ፍርፋሪ፣ ታች የተረፈው፣ ላይ በኩንታል የሚለመነው እሱ ነው።

ከሥራው በኋላ ሁለት ቀን ቆየሁና ከአጎቴ ልጅ ጋር ጭላሎ ተራራ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው ጫፉ። ገብሱ አለቀ፣ ኮሶው አለቀ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን፣ እዛ ጋ መሬቱ ስትረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰምጣል፣ ከዛ ጓሳና ጅብራ። ጠዋት በጣም ማልደን ስለነበር አንድ የተገላለጠ ቦታ ላይ አፈሩ በጫማዬ ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና ጎንበስ አልኩ። የላይኛው ስስ የአፈር ቅርፊት ከመሬት ተነስቶ ተንሳፍፏል፣ ከሥሩ ጣት የማያክሉ፣ ቀጫጭን፣ ጥርት ያሉ የበረዶ መርፌዎች ሺህ ሆነው ቆመው ተሸክመውታል። ሌሊት ውሃው ከአፈሩ ውስጥ እየተሳበ ሲበርድ እንዲህ ያድጋል። ቁጭ ብዬ ፀሐይ እስኪያገኘው ጠበቅኩ፣ ሲያገኘው መርፌዎቹ አንድ ባንድ ተኙ፣ የተሸከሙት ጠጠርና አፈር ቁልቁል ትንሽ ተንከባለለ። ይሄ ብርዱ በጠና ቁጥር ሌሊት ሌሊት ይደገማል። ሣር እንዴት ይያዝበት። ጫፉ አካባቢ አፈሩ ስስ ነው፣ ድንጋዩ ገጥጦ ይታያል፣ እና ብርድ አፈር ያጠቁራል ያልኳችሁ ነገር እዛ ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም የሚበሰብሰውን ነገር የሚሰጠው ተክልም እያነሰ ይሄዳል። ጊዜም አንሶታል። የአርሲና የባሌ ተራሮች በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ነበራቸው፣ ባሌ ላይ ከዛሬ 40 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በጣም ሰፊ ነበር፣ በረዶው ሲንሸራተት የነበረውን አፈር ልጦ ነው የሚሄደው። የጫፉ አፈር ሥራውን እንደ አዲስ የጀመረው ከዛ በኋላ ነው።

አዳማ ላይም ጭላሎ ጫፍ ላይም ስስና ግራጫ አፈር አየሁ ማለት ነው፣ አንዱ ውሃ አጥቶ፣ ሌላው ሙቀት አጥቶ፣ ሁለቱም ጊዜ አጥተው። ወፍራሙ መሃል ላይ ነው። እና ያ መሃል ነው ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት፣ የሚያርሰውም፣ የሚታጠበውም። አንድ ሳንቲ አፈር ለመፈጠር ከመቶ ዓመት እስከ ሺህ ዓመት ይፈጃል። በሌላ በኩል የስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ የሃንስ ሁርኒ ጥናቶች የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን በሄክታር ይታጠባል ብለው ገምተዋል። ለኛ ለላብራቶሪ ሰዎች ይሄን ወደ ውፍረት መቀየር ቀላል ነው፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ይመጣል፣ በሦስት ዓመት አንድ ሳንቲ። የበቆጂው አፈር ቀላል ስለሆነ ደግሞ ያው ቶን የበለጠ ውፍረት ነው። ከጋሼ ማሳ የሚታጠበው በካታር ወንዝ አርጎ ዝዋይ ይገባል። ማሳቸው ጠርዝ ላይ ከሣሩ ወደ እርሻው ስትወርዱ ጉልበት የሚደርስ እርከን አለ፣ ማንም የሠራው አይደለም፣ ማረሻው ያደረሰው ነው። "እኔ ልጅ ሆኜ እኩል ነበር" አሉኝ፣ በእጃቸው እኩሉን እያሳዩ።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። ድሮ ከቤታቸው በላይ ገብስ ብቻ ነበር የሚዘራው፣ አሁን ስንዴ እዛ ድረስ ይወጣል፣ ብርዱ ለቀቅ አርጓል። እሳቸው በደስታ ነው የነገሩኝ፣ ስንዴ ዋጋ አለው። እኔ ግን ያን ለሊት አልተኛሁም ብል ማጋነን አይሆንም፣ ምክንያቱም እናቴ አፈሩን ወደ ሙቀቱ አወረደችው፣ ብርዱ እየለቀቀ ከሄደ ግን አሁን ሙቀቱ ራሱ ወደ አፈሩ እየወጣ ነው፣ ያውም 14 ጆንያ ሳይሆን ተራራውን ሙሉ።

እናቴ ግን መደቧን ትታ አታውቅም። ይሄን ሁሉ ከማወቄ በፊት እሷ የራሷን ዘዴ አውጥታ ነበር። የቡና አተላ፣ የተጠረገ ቄጠማ፣ የድንች ልጣጭ፣ ከጎረቤት የምትለምነው እበት፣ ሁሉም እዛ ይገባል፣ በላዩ ላይ ገለባ ታለብሰዋለች ፀሐይ እንዳይመታው፣ መቆፈርም ትታለች፣ በእንጨት ቀዳ አርጋ ነው የምትተክለው። ለምን ስላት "ይበላል አላልኩሽም፣ የሚበላ ነገር ይቀለባል" አለችኝ። ባለፈው ወር ገለባውን ገልጣ አሳየችኝ፣ ከሥሩ የምድር ትል ነበር፣ ሁለት፣ አዳማ ግቢያችን ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አፈሩ የበቆጂን አይመስልም፣ ወደፊትም አይመስልም። ግን ጠቆር ብሏል።

በዛው ሰሞን ለተዝካር በቆጂ ስሄድ ደወለችልኝ። "ስሚ፣ አፈር እንዳታመጪ። ከጋሪ ፈረሶቹ ጋ ሄደሽ ፋንድያ በጆንያ አርጊልኝ፣ ደረቁን።" ጋሼን ይዤ ሄድኩ፣ ሁለት ጆንያ ሞላን፣ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ደረቅ የሚባል አልነበረም፣ ሚኒባሱ ላይ አስጭኜ ማታ ገባሁ። በሩ ላይ ተቀበለችኝ፣ ጆንያውን በእጇ ቀና አርጋ መዘነችው።

"ደረቁን አላልኩሽም?" አለችኝ፣ አፉን እየፈታች።